የአዴ ሩቂያ ቤት ዋይፋይ

ሥራ የጀመርኩት ሐረር፣ ሸዋ በር አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ነው። ባለቤቱ አቶ ግርማ የኢንተርኔት ዕቃ ይሸጣሉ፤ ቤት ለቤትም ያስገጥማሉ። ከቴክኒክ ኮሌጅ የተመረቅኩ ሰሞን ስለነበር ምስክር ወረቀቴን በፕላስቲክ አስለብጬ ይዤ ሄድኩ። አቶ ግርማ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩና "ከፍታ ትፈሪያለሽ?" አሉኝ።

"አልፈራም።"

"ውሻስ?"

"ውሻ እፈራለሁ።"

"እሱን ትለምጂዋለሽ" አሉና መሰላሉን አሳዩኝ።

የኬብል መቆንጠጫ፣ የመስመር መሞከሪያ፣ ድሪልና አንድ ጥቅል ኬብል አስረከቡኝ። ማዕረጌ ረዳት ቴክኒሻን ሆነ። በሱቁ ውስጥ ዋና ቴክኒሻን የሚባል ሰው አልነበረም። የማን ረዳት እንደሆንኩ ብጠይቅ መሰላሉን ደግመው አሳዩኝ።

ገና ወንበር ሳልይዝ ስልክ ተደወለ። ከጀጎል ግንብ ውጭ አዲሱ ከተማ የሚኖሩ ጡረተኛ ሻለቃ ናቸው፤ ኢንተርኔታቸው እየተቆራረጠ አስቸግሯቸዋል። አቶ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው "አይጨነቁ ሻለቃ፤ አሁኑኑ ትዕግሥት እልክልዎታለሁ" አሏቸው።

የሻለቃው ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ እኔ ድረስ ተሰማ። "ትዕግሥቱስ እኔም ነበረኝ፤ አለቀ እንጂ። ባለሙያ ላክልኝ።"

ስሜ ትዕግሥት ነው። በዚህ ሙያ ከዚህ የከፋ ስም ያለው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

መሰላል ባጃጅ ውስጥ አይገባም፤ በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ይወጣል። መንገደኛውን ሁሉ ጎንበስ እያስባልን ደረስን። ሻለቃው በር ላይ ሆነው ከእኔ ኋላ ሌላ ሰው ፈለጉ፤ ባለሙያው እየመጣ መስሏቸዋል። ሌላ ሰው እንደሌለ ሲገባቸው መሰላሉን ራሳቸው ተቀበሉኝ።

ራውተሩ ሳሎን ባለ መስታወት ቡፌ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ከላዩ ዳንቴል ለብሷል፤ ግራና ቀኙን የብር ቅብ ትሪ ተደግፎለታል። ባለቤታቸው "አቧራ እንዳይነካው ብዬ ነው" አሉኝ። ከቡፌው አውጥቼ አናቱ ላይ አስቀመጥኩት። ሻለቃው ስልካቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ዘብ እንደሚፈትሹ ሁሉ፣ ክፍል በክፍል ዞሩ። ተመልሰው "ሁሉም ጋ አለ" ብለው ሪፖርት አደረጉ። ሚስትየው ዳንቴሉን መልሰው አለበሱት። ዳንቴል ኔትወርክ አይከለክልም፤ ተውኩት።

ሱቅ ስመለስ አቶ ግርማ "ምን ሸጥሽ?" አሉኝ።

"ምንም።"

"ታዲያ በምን ተስተካከለ?"

"ከቡፌ አወጣሁት።"

"ማውጣት እኮ ዕቃ አይደለም" አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለመደርደሪያው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር።

አቶ ግርማ ክፉ ሰው አልነበሩም። ዕቃቸውን በእውነት ያምኑበት ነበር። በተለይ አንቴና ያምናሉ። "ደንበኛ የሚገዛው የሚታየውን ነው። ኔትወርክ አይታይም፤ አንቴና ግን ይታያል" ይሉኝ ነበር። ከሁሉም በላይ የሚኮሩበት በመስኮቱ ያስቀመጡት ትልቁ ራውተር ነው። ጥቁር ነው፤ በጀርባው እንደወደቀ ሸረሪት አንቴናዎቹን ወደ ሰማይ ዘርግቷል። ዋጋውን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ ከዚያ ተመልሶ ይነካዋል።

ያንን ዓይነት ራውተር ጊደር መጋላ ገበያ ላሉ አንድ የቅመም ነጋዴ ሸጠን ነበር። በማግስቱ መጡና "ይኸኛው ከድሮው ይብሳል" አሉ። ሄጄ በእኔ ስልክ ሞከርኩት፤ ይበርራል። በእሳቸው ስልክ ሞከርኩት፤ አንዲት ፎቶ ለመክፈት በርበሬው እስኪመዘን ድረስ ይፈጃል። ችግሩ ስልካቸው እንደሆነ ነገርኳቸው። ስልኩን እጃቸው ላይ አገላብጠው አዩት። "ይኼ ስልክ እኮ ጤነኛ ነው። ስንቴ ወድቆ አልተሰበረም" አሉ፤ የሰደብኩባቸውን ልጅ የሚከላከሉ አባት መስለው። ስልክ እንዲቀይሩ ማሳመን አልቻልኩም። ሸረሪቱም እዚያው በዕርድና በኮረሪማ መካከል ቢጫ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሰው "ራውተር ልቀይር?" ሲለኝ ቶሎ መመለስ ተውኩ። ቀርፋፋው ከውጭ የሚመጣው መስመር ሊሆን ይችላል፤ ራውተሩ ሊሆን ይችላል፤ እጃችን ላይ ያለው ስልክ ወይም ኮምፒዩተርም ሊሆን ይችላል። መሐል ላይ ደግሞ ግድግዳ አለ። በሐረር ግድግዳ ማለት ግድግዳ ነው።

አዴ ሩቂያ ወደ ሱቃችን የመጡት በዚህ መሐል ነው። ጀጎል ውስጥ፣ ከአያቶቻቸው በወረሱት የድንጋይ ቤት የሚኖሩ ሴት ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ በአክብሮት አዴ ሩቂያ ይላቸዋል፤ እኔም እንደ ሰፈሩ ጠራኋቸው። ሻርፓቸውን አስተካክለው መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አዩና ጣታቸውን ወደ መስኮቱ ቀሰሩ።

"ከዚህ የሚበልጥ አላችሁ?"

አቶ ግርማ ከወንበራቸው ተነሡ። "ከዚህ የሚበልጥ ሐረር ውስጥ የለም፣ አዴ።"

"እንግዲያው እሱን። ልጄ ኢክራም ቤት ሆና በኢንተርኔት ነው የምትሠራው፤ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ሒሳብ ትይዛለች። አሁን ኔትወርኩ ስለማያሠራኝ ወደ ቢሮ ነይ እያሉኝ ነው፣ አዲስ አበባ መሄዴ ነው አለችኝ። ወላሂ፣ ልጄን በገመድ ምክንያት አልሸኝም።"

አቶ ግርማ ሸረሪቱን ከመስኮት ማውረድ ጀመሩ። እኔ ግን "መጀመሪያ ቤቱን ልይ፣ አዴ። ላይጠቅም ይችላል" አልኩ። አቶ ግርማ አዩኝ። አዴ ሩቂያም አዩኝ። የአዴ አስተያየት ይሻል ነበር። በመጨረሻ ሸረሪቱን በትልቅ ሣጥኑ ይዤ እንድሄድና አስፈላጊ ከሆነ እዚያው እንድገጥመው ተስማማን። አቶ ግርማ እስከ ባጃጁ ሸኝተውኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ይዘሽው እንዳትመለሺ" አሉኝ።

የጀጎልን መንገድ ያላወቀ ሰው መሰላል ይዞ አይግባ። መታጠፊያው ላይ መሰላሉ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሄድ ብሎ ተቀረቀረ። ከወዲያ በኩል ቅጠል የተጫነች አህያ መጣች፤ ባለቤቷ ከኋላዋ አለች። ሴትየዋ መሰላሉን አየችና በኦሮምኛ አንድ ነገር ለአህያዋ ነገረቻት። አህያዋ ዞራ ተመለሰች። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። አዴ ሩቂያ አንድ የጎረቤት በር አስከፍተው መሰላሉን በሰው ግቢ አሳልፈው አወጡልን።

ቤቱ ገብቼ ዙሪያውን ሳይ ችግሩ ወዲያው ታየኝ፤ ለመናገር ግን አልቸኮልኩም። ግድግዳው ክንድ ሙሉ የሚያስገባ ውፍረት አለው። በውስጡ ትንንሽ መስኮት የሚመስሉ መደርደሪያዎች ተፈልፍለውበታል። ሳህን፣ ትሪ፣ ሙዳይና ሰፌድ ከወለል ከፍ ብሎ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ራውተሩ ከነዚያ መደርደሪያዎች በአንዱ ውስጥ፣ ከትልቅ የናስ ትሪ ጀርባ ተቀምጧል። የኢክራም ክፍል ደግሞ ግቢውን ተሻግሮ፣ ከሁለተኛው ወፍራም ግድግዳ ወዲያ ነው።

የቤቱ አባት አቶ ዩሱፍ ነደባው ላይ፣ ማለትም ምንጣፍ በተነጠፈበት የመቀመጫ መደብ ላይ፣ ተጋድመው በስልካቸው ኳስ ያያሉ። ሰላም ስላቸው ፈገግ ብለው "እኔን አታንሺኝ እንጂ የፈለግሽውን አድርጊ" አሉኝ።

"አዴ፣ ይኼን ትሪ ብናነሳውስ?" አልኩ።

"የትኛውን?"

"ይኼን ትልቁን።"

"እሱን እናቴ ናት ያስቀመጠችው።" ድምፃቸው አልተቆጣም፤ ጉዳዩ ግን አለቀ።

ራውተሩን ወደ ሌላ ቦታ እናዙረው ብል የተረፈ ባዶ ግድግዳ አጣሁ። መስኮቱ ሥር ላድርገው ስል ደግሞ አቶ ዩሱፍን ማንሣት ሊኖርብኝ ሆነ። ስልኬን ይዤ ክፍል ለክፍል እየዞርኩ ለካሁ። ሳሎን ደህና ነው። ግቢው ላይ ይደክማል። ኢክራም ክፍል ገብቼ በሩን ስዘጋው ጨርሶ ጠፋ። ሸረሪቱንም ከሣጥኑ አውጥቼ ለሙከራ ሳሎን ውስጥ ሰካሁት። በግቢው ትንሽ ተሻለ፤ ኢክራም ክፍል ግን ያው ሆነ። ያንን ግድግዳ ያነሡት ሰዎች ጠላት እንዳይገባ ብለው ነው፤ የአንቴና ብዛት አላስደነገጣቸውም።

ኢክራም ይህን ሁሉ ስሠራ በር ላይ ቆማ ትከታተለኝ ነበር። ረጋ ያለች፣ መነጽር ያደረገች ልጅ ናት። "አይሆንም አይደል?" አለችኝ።

"ቆይ፣ ገና ነው" አልኳት።

ያደረግኩት ነገር ይኼ ነው። ከድሮው ራውተር ኬብል ሳብኩ፤ በበሩ መቃን ሥር አሳልፌ፣ በግቢው አጥር ግንብ ጥግ ጥጉን አስኬጄ፣ በመስኮቷ ክፈፍ አስገባሁት። ከዚያ ከመሣሪያ ቦርሳዬ አንድ ያገለገለ ትንሽ ራውተር አውጥቼ ጫፉ ላይ ሰካሁ። ኢክራም ኮምፒዩተሯን ከፈተች። ለሥራ ባልደረባዋ በቪዲዮ ደወለች። ሰውየው ፊቱ ጥርት ብሎ መጣና "ዛሬ ደግሞ በደንብ ይሰማል" አለ።

እናትየው ከግቢው "ማሻአላህ" አሉ። አባትየው ከነደባው ላይ ሆነው "ኳሱም አልቆመም" አሉ።

ኢክራም ብቻ አልተደሰተችም። ደንበኛ ሲከፋ አይቻለሁ፤ ሥራው ስለተሳካ የከፋው ደንበኛ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

መሣሪያዬን ስሰበስብ ክፍሏን ዘጋችና "እኅቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ" አለችኝ። "ይኼ ለጊዜው ነው የሚሠራው፣ ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል በይልኝ።"

"አይጠፋም እኮ። ኬብሉ ዝናብ የሚችል ነው።"

"እሱን አውቄያለሁ። በይልኝ ነው የምልሽ።"

እየጠየቅኳት ነገሩ ቀስ ብሎ ገባኝ። ድርጅቱ ነይ አላላትም፤ ራሷ ናት ቢሮ ልምጣ ብላ የጠየቀችው። ከተመረቀች ጀምሮ ከዚያች ክፍል አልወጣችም። አዲስ አበባ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ መኖር ትፈልጋለች። እናቷን አይታ መናገር ስላልቻለች በኔትወርኩ አሳበበች። እናቷ ትልቅ ሣጥን ከነመሰላሉ ይዘው ይመጣሉ ብላ አላሰበችም።

"እማዬ ታዝናለች" አለችኝ። "ኔትወርክ ከሆነ ግን ማንም ላይ አታዝንም።"

በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። አቶ ግርማ ናቸው። "እህ፣ ገጠምሽው?"

"እየተነጋገርን ነው" አልኩ።

"ምን ያነጋግራል? የድሮው አይበቃም በያቸው።"

ስልኩን ዘጋሁ። አለቃዬ የድሮው አይበቃም በይ ይሉኛል። ልጅቷ ምንም ነገር አይበቃም በይ ትለኛለች። ሁለቱን የሚያስማማ ውሸት ለጥቂት ጊዜ ፈልጌ ነበር፤ ቢገኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ሳሎን ተጠራሁ። ሻሂ በወተት ቀረበልኝ። ነደባው ላይ ሁላችንም ተቀመጥን፤ አቶ ዩሱፍም እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ትልቁ ሣጥን እንደ እንግዳ መሐላችን ተቀምጧል። አዴ ሩቂያ ቀጥታ ጠየቁኝ።

"እንግዲህ ንገሪኝ ልጄ። ይኼን መግዛት ይገባል ወይስ አይገባም?"

"አይገባም፣ አዴ" አልኩ። "ራውተር መስመር አይጨምርም፤ የመጣውን ነው የሚያካፍለው። የእናንተ መስመር ለዚህ ቤት ይበቃል። አስቸጋሪው ግድግዳው ነበር፤ በኬብል አልፈነዋል። አሁን ያለው ይሠራል።"

"ዝናብ ቢመጣስ?"

ኢክራምን አላየኋትም። "ዝናብም ቢመጣ ይሠራል።"

አዴ ሩቂያ ሲኒያቸውን አስቀመጡና ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ሰማሽ አይደል? ኔትወርኩ አለ። አሁን ምን ትያለሽ?"

ሻሂዬን ጠጥቼ ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ትኩስ ነበር። ኢክራም መነጽሯን አውልቃ በሻርፏ ጫፍ እየጠረገች "እማዬ፣ መሄድ እፈልጋለሁ" አለች። "ኔትወርኩ አይደለም። እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አሉ አዴ ሩቂያ።

"ምኑን?"

"ሻንጣሽን ጣሪያ ላይ ፀሐይ ስታስመቺ አይቼሻለሁ። ኔትወርክ የጠፋበት ሰው ሻንጣ ያሰጣል እንዴ?" ከዚያ ድምፃቸው ትንሽ ቀጠነ። "መሄዱን ሂጂ። በገመድ እያሳበብሽ ግን አትሂጂብኝ። እናቴ እሄዳለሁ አልኳት፣ እሷም ሂጂ አለችኝ ብለሽ ሂጂ። ለዚህ ነው ትልቁን አምጡ ያልኩት፤ ሰበቡ ሲያልቅብሽ ትናገሪያለሽ ብዬ።"

ኢክራም እናቷ ጉልበት ላይ ተደፋች። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያዝኩ። አቶ ዩሱፍ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ "እሷ ስትሄድ ያ ኬብል ይነቀላል?" አሉኝ።

"ምነው?"

"እዚያ ክፍል ፀጥታ አለ። ለኳስ ይመቻል ብዬ ነው።"

አዴ ሩቂያ ይህን ሰምተው እያለቀሱ ሣቁ። ኬብሉ አልተነቀለም።

ትልቁን ሣጥን አዝዬ ስመለስ አቶ ግርማ በር ላይ ነበሩ። ከሩቅ ሲያዩት ትከሻቸው ወደቀ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እናትየዋ ያሉት ላይ ስደርስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሸረሪቱን ወደ ቦታው መለሱና በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ። "የእኔም ልጅ አዳማ ሊማር ሲሄድ በአስም ነው ያሳበበው። የሐረር አየር አይስማማኝም አለ" አሉ። "የሐረርን አየር የሚያማ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?" ከዚያ በኋላ ሣጥኑን አላነሡብኝም። ያገለገለችውን ትንሽ ራውተር ግን በነፃ መስጠቴን ለረጅም ጊዜ አልረሱልኝም።

ኢክራም ሄደች። ከወራት በኋላ አዴ ሩቂያ እንደገና ሱቃችን መጡ። አቶ ግርማ ካለፈው ተምረው አልተነሡላቸውም።

"ትዕግሥት፣ ማድ ቤት ኔትወርክ እፈልጋለሁ" አሉኝ። "ኢክራም ሳህን ሙሉ አትበላም። ስልኬን አቁሜ አብረን ነው የምናበስለው፤ እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ። ሽንኩርቱ እስኪቀላ ታየኛለች፤ ዘይት ልጨምር ስል ትጠፋለች።"

ሄጄ አየሁ። ማድ ቤቱ ከቤቱ ጀርባ ነው፤ ኬብል መሳብ ደግሞ የጎረቤትን ግንብ መብሳት ይጠይቃል። ይህ ሥራ አዲስ ዕቃ የሚያስፈልገው ነበር፤ ኔትወርኩን ተቀብሎ ወደፊት የሚያስተላልፍ ማከፋፈያ። ትልቁ ሳይሆን ትንሹ በቂ ነው። በዚህ ጊዜ ግን ይገባል አልኳቸው፤ አቶ ግርማም ሽያጭ አገኙ።

ገጥሜ ስጨርስ ኢክራም በስክሪኑ ላይ መጣች። ፊቷ ሞላ ብሏል፤ ከኋላዋ ጠባብ ማድ ቤት ይታያል። "አንቺ ነሽ የገጠምሽላት?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ። ጥራቱ እንዴት ነው?"

"ጥራቱ በጣም ጥሩ ነው። አሁን ድስቴ ውስጥ ያለው ሁሉ ይታያታል።"

"ጨው አነሰው!" አሉ አዴ ሩቂያ፣ በስልኩ ላይ ጎንበስ ብለው።

"በቪዲዮ ጨው ይታያል እንዴ እማዬ?"

"ለእናት ይታያል።"

አሁን ሱቁን የማስተዳድረው እኔ ነኝ፤ አቶ ግርማ ዕረፍት ላይ ናቸው፤ አልፎ አልፎ መጥተው መስኮቱን ያስተካክላሉ። ራውተር ልቀይር ወይ ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ዛሬም አይጠፋም። ለአዳዲሶቹ ቴክኒሻኖች የምነግራቸው አጭር ነው። ቤቱን ሳታዩ አትሽጡ። በመጀመሪያ ራውተሩን ከተደበቀበት አውጡ፤ ካልበቃ ኬብል ሳቡ፤ ኬብል የማይደርስበት ሲሆን ማከፋፈያ ጨምሩ፤ ትልቁን ከሁሉ በኋላ አስቡ። ደንበኛውን ደግሞ ኔትወርኩን ለምን እንደፈለገው ጠይቁት። መልሱ ግማሽ ያህሉን ጊዜ ስለ ራውተር አይሆንም፤ የማትጠግኑት ነገር ከሆነ ትክክለኛውን ነግራችሁ፣ ሻሂያችሁን ጠጥታችሁ ውጡ።